ታብሌቶቹ ወደ ልጆቹ ይመለሱ፦ ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊና ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ ከትምህርት ቤታችን ስለተወሰዱት ታብሌቶችና ስለተቋረጠው የማጠናከሪያ ትምህርት

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ይህን የምንጽፍላችሁ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ፣ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል በሚያስተምር አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ያለን መምህራንና ወላጆች ነን። የትምህርት ቤቱንም የወረዳውንም ስም ሆን ብለን አልጻፍንም። ቅሬታችን በውሳኔው ላይ እንጂ በሰው ላይ አይደለም። እናንተ ስታነቡት ራሳችሁን ታውቃላችሁ። በግልጽ መጻፋችንም በርዕሰ መምህሩ በኩል የላክነው ደብዳቤ መልስ ስላጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታብሌቶቹ ከአንድ ረጂ ድርጅት በእናንተ በኩል መጡልን። ከሶላር ፓናልና ከባትሪ ጋር ተረከብናቸው፤ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ሆኑ። የንባብና የሒሳብ መለማመጃ ሶፍትዌር ተጭኖባቸዋል። ኢንተርኔት አይፈልጉም። ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ልጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ማጠናከሪያ እንሰጥባቸው ነበር። ዘንድሮ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት እንዳለቀ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። ታብሌቶቹ «በአግባቡ ጥቅም ላይ ባለመዋላቸው» ወጪ ሆነው በወረዳው ከተማ ወዳለው ሞዴል ትምህርት ቤት እንዲዛወሩ ታዝዟል። በማግስቱ መኪና መጥቶ ጫናቸው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ማንም እኛን ሳይጠይቅ መወሰኑ ነው። ለውሳኔው መነሻ የሆነው «ግማሽ ያህሉ አይሠሩም» የሚል የቆጠራ ሪፖርት ነው። ቁጥሩ ልክ ነው። ለምን እንደማይሠሩ ግን በሪፖርቱ ላይ አልሰፈረም። እኛ እንንገራችሁ። አንዳንዶቹ የቻርጀር መሰኪያቸው ላልቷል። ሞባይል ጠጋኝ ቁጭ ብሎ የሚጨርሰው ሥራ ነው። ከድጎማ በጀቱ ላይ እንክፈል ብለን ስንጠይቅ ከሦስት ጠጋኞች ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) አምጡ ተባልን። በወረዳችን ከተማ ያለው ሞባይል ጠጋኝ አንድ ነው። ሁለቱን ከየት እናምጣ? ደብረ ብርሃን ወርደን ፕሮፎርማ ብንሰበስብ ደግሞ የትራንስፖርቱ ወጪ ከጥገናው ይበልጣል። ከማይሠሩት የቀሩት ጤነኛ ናቸው፤ ግን ተቆልፈዋል። ሶፍትዌሩን የጫነው ባለሙያ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲዛወር ፓስዋርዱም አብሮት ሄደ። በጽሑፍ ተረክቦ ያስቀረ ሰው አልነበረም። ስልኩን አፈላልገን ደወልንለት፤ «ረስቼዋለሁ» አለን። አንፈርድበትም፣ ብዙ ትምህርት ቤት ነው የሚዞረው።

ስለ አያያዝም ተጽፎብናል። በኅዳርና በታኅሣሥ እዚህ ውርጭ እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። ብርድ ባትሪን ያደክማል። ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ቻርጅ ማድረግ ደግሞ የሊቲየም ባትሪን ጨርሶ ይጎዳል። ስለዚህ ታብሌቶቹን ማታ ከቆርቆሮው መጋዘን አውጥተን፣ በባና (በሱፍ ብርድ ልብስ) ጠቅልለን ቢሮ እናሳድራቸው ነበር። ባናውን ያመጡት ወላጆች ናቸው። የቆጠራው ባለሙያ ይህን «ንብረት ከንብረት ክፍል ውጪ ተቀምጦ ተገኝቷል» ብሎ መዘገበው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ዋናው ነው፤ ትንሽ ታገሡን። ታብሌቶቹ ምን ይሠሩልን እንደነበር ጽሕፈት ቤቱ ያወቀ አይመስለንም።

በእኛ ትምህርት ቤት አንድ መምህር በአንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ ያስተምራል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። እስቲ አንድ ልጅ 52 ሲቀነስ 27ን ሠርቶ 35 አመጣ እንበል። መምህሩ የኤክስ ምልክት አድርጎበት ወደ ቀጣዩ ደብተር ያልፋል። ልጁ ግን በዘፈቀደ አልተሳሳተም። ከ2 ላይ 7 አልቀነስ ሲለው ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ቀንሷል። መበደር የሚባለው ነገር አልገባውም። 81 ሲቀነስ 46ንም በዚያው መንገድ ሠርቶ 45 ይላል። ሶፍትዌሩ ይህን ስህተት ያውቀዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ልጁን ወደ አስርና አንድ ቤት ይመልሰዋል፤ እንጨቶቹን አስሮና ፈትቶ ያሳየዋል፤ ከዚያ እንደገና ይሞክረዋል። 60 ደብተር ፊቱ የተቆለለበት መምህር ይህን ለእያንዳንዱ ልጅ ማድረግ አይችልም። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ቀኑ አይበቃውም።

ንባብም እንዲሁ ነው። ልጆቻችን ሀሁን በዜማ ይወጡታል። ከመሐል አንዱን ፊደል ነጥላችሁ ብትጠቁሙ ግን አብዛኞቹ ከመጀመሪያው እየቆጠሩ ነው የሚደርሱበት። በተለይ ሳድስ ያስቸግራቸዋል፤ ምልክቱ እንደ ካዕብና እንደ ሣልስ ወጥ አይደለምና። በዜማው ተሸፍኖ ማንም ሳያውቅበት 4ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ አለ። በታብሌቱ ላይ ፊደሎቹ ተበታትነው ይመጣሉ፤ ዜማው አያድነውም። የትኛው ልጅ የትኛው ፊደል ላይ እንደወደቀ መምህሩ ማታ ከፍቶ ያያል፤ በማግስቱ እነዚያን ልጆች ለብቻ ይዟቸው ይቀመጣል።

እኛ ግን ከሁሉም በላይ የወደድነው ሌላ ነገር ነው፤ ድሃ አገር ላይ ያለ ትምህርት ቤት ብቻ የሚገባው ነገር። ልጆቻችን ይቀራሉ። በኅዳር ገብስ ይታጨዳል፤ በበልግ ይዘራል፤ በገበያ ቀን ቤት የሚጠብቅ ያስፈልጋል፤ በጉን የሚያግድ ያስፈልጋል። አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ እናቷ ታማ ሦስት ሳምንት ቀረች። ስትመለስ ክፍሉ ወደ ክፍልፋይ ተሻግሯል፤ እሷ የቆመችው ማካፈል ላይ ነው። ድሮ ቢሆን ዓመቱን ሙሉ እንደጠፋባት ተቀምጣ ትጨርስ ነበር። ብዙዎቹ ትምህርት የሚያቋርጡትም እንዲህ ሆነው ነው። ከትምህርት በኋላ ታብሌቱን ወስዳ በስሟ ስትገባ ግን ማካፈሉ ካቆመችበት ቦታ ጠበቃት። እስከ ፋሲካ ክፍሉ ላይ ትደርሳለች ብለን ነበር። መኪናው የመጣው ከዚያ በፊት ነው።

ይህ የእኛ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ የሌሎቹንም አንብበናል። በህንድ ቫዶዳራ ከተማ በድሃ ሰፈር ባሉ ትምህርት ቤቶች የ4ኛ ክፍል ልጆች በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ አንድ ኮምፒውተር ለሁለት እየተጋሩ የሒሳብ መለማመጃ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ጥናት እንደሚለው የሒሳብ ውጤታቸው በግልጽ ጨመረ። በዴልሂ ደግሞ ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ ባሉ ልጆች ላይ ጥናት ተደርጓል። 6ኛ ክፍል የተቀመጡት በሒሳብ በአማካይ 2.5 ክፍል ወደኋላ ቀርተው ተገኙ። ከትምህርት በኋላ 45 ደቂቃ እያንዳንዱ ባለበት ደረጃ በሶፍትዌር፣ 45 ደቂቃ ደግሞ በትንሽ ቡድን ከረዳት አስተማሪ ጋር ሠሩ። በ4 ወር ተኩል በሒሳብም በሂንዲ ቋንቋም ካልተሳተፉት በብዙ ቀደሙ። ሩቅ ሳንሄድ፣ በማላዊ በሶላር የሚሞላ ታብሌት በአገሩ ቋንቋ በቺቼዋ ተዘጋጅቶ ለ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ልጆች እየተዳረሰ ነው። ማላዊ ከእኛ የበለጸገች አገር አይደለችም።

ያልሠራበትንም እንናገር፤ ለእናንተም ለእኛም ይጠቅማል። በፔሩ ገጠር በ319 ትምህርት ቤቶች ጥናት ተደርጎ ነበር። ለልጆች ላፕቶፕ ታደለ። ከ15 ወር በኋላ ሲለካ በሒሳብም በቋንቋም ለውጥ አልታየም። መምህሩ ምን እንደሚያደርግበት በቂ ዝግጅት አልተደረገለትም፤ ላፕቶፑ ከትምህርቱ ጋር አልተገናኘም። በእኛም አገር የፕላዝማው ነገር አይረሳም። ከመካከላችን ብዙዎቻችን የፕላዝማ ተማሪዎች ነበርን። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሁለተኛ ደረጃ የቴሌቪዥን ትምህርት በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት ይሮጥ ነበር። ገባህ አልገባህ አይጠብቅም። መምህሩ መክፈቻና መዝጊያ ብቻ ይናገራል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። ታብሌት ሲባል የሚያስፈራን ያ ነው፤ እናንተም ብትፈሩት አንፈርድባችሁም።

ሦስተኛው ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ታብሌቶቹ በመጡ በዓመታቸው ከጽሕፈት ቤቱ አንድ መመሪያ ደርሶን ነበር። በመደበኛው የአማርኛና የሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንድንጠቀምባቸው ያዛል። ምክንያቱ «የተጠቃሚ ተማሪዎችን ብዛት ማሳደግ» ነበር። ሞከርነው። ለ60 ልጅ ሃያ ታብሌት ማደል፣ ማስከፈት፣ በየስማቸው ማስገባት፣ መሰብሰብ ነው። ከ40 ደቂቃው ሩቡ በዚህ ያልቃል። ሦስት ልጅ በአንዱ ላይ ሲደፋ አንዱ ይነካል፣ ሁለቱ ያያሉ። ሪፖርቱ ላይ ግን «60 ተማሪዎች ተጠቅመዋል» ተብሎ ይሞላል። በህንድ ጉጃራት በዚሁ ጉዳይ የተደረገ ጥናት አለ። እዚያ ሶፍትዌሩ የመምህሩን ሰዓት ሲተካ ልጆቹ ጭራሽ ዝቅ አሉ። ከትምህርት ሰዓት ውጪ ሲጨመርላቸው ግን ከፍ አሉ፤ ከሁሉም በላይ የተጠቀሙት ደካማ የነበሩት ናቸው። እኛም ወደ ከሰዓት በኋላ የመለስነው ለዚህ ነው። «መመሪያ አልተከተሉም» የሚለው ነጥብ የመጣውም ከዚሁ ይመስለናል።

ስለ ቋንቋው በአጭሩ። ከተጫኑት መለማመጃዎች ግማሾቹ በእንግሊዝኛ ነበሩ። የእኛ ልጅ ሒሳቡንም በአማርኛ ነው የሚማረው። «ስንት ቀረ?» የሚለውን በአማርኛ ያልለየ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ሥዕሉን አይቶ ይገምታል፤ ገምቶም ኮከብ ይሸለማል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ልጆች ታብሌት ተሰጥቶ፣ ያለ አስተማሪ ራሳቸው ከፍተው ፊደል መለየት ጀመሩ ተብሎ በዓለም ተወርቶ ነበር። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ አንክድም። የለዩት ፊደል ግን ኤቢሲዲ ነበር። ለሚቀጥለው ግዢ ወይም እርዳታ ሶፍትዌሩን ከመቀበላችሁ በፊት አንድ የ1ኛ ክፍል መምህርት አስቀምጣችሁ ብታሳዩአት ብዙ ነገር ትቆጥባላችሁ።

አራተኛ፣ የረሃብ ነገር። ይህን በደብዳቤ መጻፍ ያሳፍራል። ግን ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት ቆዩ የምንላቸው ልጆች ቁርስ ሳይበሉ የመጡ ናቸው። ቆሎ የያዘ ለጓደኛው ያካፍላል። ባዶ ሆድ ላይ ንባብ አይገባም። የምገባ ፕሮግራሙ ሲሰፋ በወረዳው ከተማ ያሉ ትምህርት ቤቶች ቀድመው ገቡ። ለእኛ ቀበሌ «በሚቀጥለው በጀት ዓመት» ተባለ። ያም በጀት ዓመት አልፏል። ታብሌትና ምገባ በእናንተ ዘንድ ሁለት የተለያዩ የሥራ ሂደቶች እንደሆኑ እናውቃለን። እኛ ጋ ሲደርሱ ግን የሚያርፉት አንድ ልጅ ላይ ነው።

ስለ ፀጥታ የተነሳውን ሥጋት አናጣጥልም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ባለው ግጭት ደግሞ በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ርቀዋል። ንብረት ይጠፋል የሚለው ፍርሃት ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። ነገር ግን ታብሌቶቹ እኛ ጋ በነበሩበት ጊዜ አንድም አልጠፋም። ትምህርት በተቋረጠባቸው ሳምንታት የወላጅ ኮሚቴው በየቤቱ ተካፍሎ በፊርማ ጠብቋቸዋል። መንገዱ ሲከፈት ሁሉም ተመልሰዋል። ደግሞስ የወረዳው ከተማ ከእኛ ቀበሌ ይበልጥ ሰላም ነበር ወይ?

የመጨረሻው ቅሬታ ስለ ሞዴል ትምህርት ቤቱ ነው። የዚያ ልጆችም ልጆቻችን ናቸው። ከእኛም ቀበሌ ዘመድ ጋ ተጠግተው እዚያ የሚማሩ አሉ። መብራት አላቸው፤ የኮምፒውተር ክፍል አላቸው። ለስብሰባ የሄደ መምህራችን ካርቶኖቹን እንደታሸጉ ከመደርደሪያ ላይ አይቷቸዋል። ጎብኚ ሲመጣ ይታዩ ይሆናል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መረጃ በኢትዮጵያ በ10 ዓመት ዕድሜ አካባቢ ካሉ 10 ልጆች 9ኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ያ ውጤት የተሠራው 12ኛ ክፍል ላይ አይደለም። 52 ሲቀነስ 27 ላይ ነው፤ እኛ ክፍል ውስጥ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

ታብሌቶቹ ከነሶላራቸው ይመለሱልን። ሁሉም ባይሆኑ እንኳ የሚሠሩት እስከ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ማብቂያ ሳይጠብቁ ይምጡ። ገና የጀመሩ ልጆች አሉ።

ለአነስተኛ ጥገና ከትምህርት ቤቱ ድጎማ በወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት (ወተመህ) ቃለ ጉባኤ እንድንከፍል ይፈቀድልን። ሦስት ፕሮፎርማ በማይገኝበት ቦታ አንድ ደረሰኝ ይብቃን። ፓስዋርዱ በጽሑፍ ይሰጠን፤ ግልባጩ በጉድኝት ማዕከሉ (በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች በሚደገፉበት ማዕከል) ሱፐርቫይዘር እጅ ይቀመጥ።

ከሰዓት በኋላ ማጠናከሪያ የሚሰጡ መምህራን ሰዓቱ በሳምንታዊ የክፍለ ጊዜ ጭነታቸው ይቆጠርላቸው። እስካሁን በነጻ ነው የሠሩት፤ ወደፊትም በነጻ ይሠራሉ ብሎ ማቀድ ግን ልክ አይደለም። መደበኛውን ክፍለ ጊዜ በታብሌት ተኩ የሚለው መመሪያም ይነሳ።

ስትገመግሙን «ስንት ታብሌት አለ፣ ስንት ተማሪ ተጠቀመ» የሚለውን ቅጽ ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ ልጆቹን አንድ በአንድ አንድ አንቀጽ አስነብቡልን፤ አምስት የመቀነስ ጥያቄ ስጧቸው። ለውጥ ከሌለ ያኔ ታብሌቶቹን ውሰዱ፤ እኛው እንጭንላችኋለን።

የምገባው ወረፋ ለእኛ ቀበሌ መቼ እንደሚደርስ ቀን ተቆርጦ ይነገረን።

መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን። በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን፤ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆችም ልጆቻቸው ያነቡላቸዋል።

ከአክብሮት ጋር

የ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል መምህራን
የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት (ወተመህ) ሰብሳቢና አባላት
የማጠናከሪያ ትምህርት አስተባባሪ

ግልባጭ፦
ለዞኑ ትምህርት መምሪያ
ለቀበሌው ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ
ለጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር